«ጥሩ ሥዕል ራሱን ይሸጣል» እና ሌሎች ገበያ ያሳጡን አባባሎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሥዕል መሣል ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት አንድም ሥዕል በወጉ አልሸጥኩም። ሥራዬ ገና ስላልበሰለ ይመስለኝ ነበር። የያኔዎቹን ሸራዎች ዛሬ ግድግዳ አስደግፌ ሳያቸው አላፍርባቸውም፤ የማፍረው ያን ጊዜ ስለ ሽያጭ በነበረኝ እምነት ነው። ከመንዝ፣ ከቡልጋ፣ ከይፋትና ከአንኮበር ከሚመጡ ወጣት ሠዓሊዎች ጋር ስንጫወት ያንኑ እምነት ከአፋቸው እሰማዋለሁ፣ ሆዴም ይባባል። ስለዚህ አንድ በአንድ ላንሣቸው።

«ጥሩ ሥዕል ራሱን ይሸጣል»

ከሁሉም የሚብስብኝ ይህ ነው፤ ትሕትና ይመስላልና። «ራስህን አታሞግስ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ሥራችንን አቁመን «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ዋጋውም ይህ ነው» ማለት ጉራ ሆኖ ይሰማናል። ነገር ግን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉትም የእኛው አባቶች ናቸው። ሸራ አፍ የለውም። ሰው ሥዕል የሚገዛው አይቶ፣ ተመልሶ አይቶ፣ ማን እንደሠራውና ስለምን እንደሠራው ሰምቶ፣ በመጨረሻም የሚሸጥ መሆኑን አውቆ ነው። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ይህችን የመጨረሻዋን ነው። ቤታችን መጥቶ ሥዕሉን ያደነቀ እንግዳ የሚሸጥ መሆኑን ሳያውቅ ቡናውን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል።

የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ነገር ልብ በሉ። በ1925 አንኮበር መወለዳቸውን ሁላችንም በኩራት እናወራለን፤ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕላቸውንም እናነሣለን። የመስታወት ሥራውን እንዲማሩ ያስቻላቸው ምን እንደሆነ ግን ሲነገር አልሰማም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 አዲስ አበባ ላይ ለብቻቸው ባቀረቡት ዐውደ ርእይ ያገኙት ገንዘብ ነው አውሮፓ ሁለት ዓመት ያቆያቸው፤ የመስታወት ሥዕል አሠራርን ያጠኑት በዚያ ቆይታቸው ነው። በኋላም ቴምብርና ፖስተር፣ መጫወቻ ካርታ ሳይቀር ነድፈዋል፤ መኖሪያም ስቱዲዮም ጋለሪም የሆነላቸውን ቪላ አልፋን የሠሩት ከሥራቸው ባገኙት ገቢ ነው። መሸጣቸው ትምህርት ሆነላቸው፣ ቤት ሆነላቸው፣ ለቀጣዩ ሥራ ጊዜ ሆነላቸው። ሽያጭን ከጥበቡ ውጭ ያለ ቆሻሻ ሥራ አድርጎ ማየት ከየት እንደመጣብን አላውቅም፤ ከአንኮበሩ ሰው ግን አልመጣም።

ሥራችሁን ካፌም ይሁን ክሊኒክ፣ የትም ስትሰቅሉ ከጎኑ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፦ ርእሱ፣ መጠኑ፣ በምን እንደተሠራ፣ ዓመቱ፣ ዋጋው፣ ስልካችሁ። ያቺ ወረቀት እናንተ በሌላችሁበት ትናገራለች።

«ገዢው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ አለዚያም ፈረንጅ ነው»

ይህ አባባል መነሻ አለው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሠለጠኑ ሠዓሊዎች የአድዋን ጦርነት፣ አደንን፣ ግብርን፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በጨርቅ ላይ እየሣሉ ለውጭ ሰዎች ይሸጡ ነበር። «ሥዕል የሚገዛ ፈረንጅ ነው» የሚለው ልማድ ሥር የሰደደው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ይመስለኛል። እኛም የምኒልክን መስኮት፣ ጓሳን፣ አንኮበርን ለማየት የሚያልፈውን ጎብኚ ተስፋ አድርገን ኖርን። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በነበረው የጸጥታ ችግር መንገዱ ሲከብድና ጎብኚው ሲቀንስ ግን ተስፋችን ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

የመጀመሪያዋ እውነተኛ ገዢዬ ከመዘዞ ወጥታ ደብረ ብርሃን የምትኖር ነጋዴ ነበረች። ካፌ ውስጥ የሰቀልኩትን የድንጋይ ግድግዳ፣ ሣር ክዳን ቤት ሥዕል ሦስት ቀን እየተመላለሰች አየችው። በአራተኛው ቀን ደወለችልኝ። «ይሄ የአያቴ ቤት ነው» አለችኝ። የአያቷ ቤት አልነበረም፤ ሞላሌ መንገድ ላይ ያየሁት የሌላ ሰው ቤት ነው። ግን ለእሷ ነበር። ገንዘቡን በሁለት ጊዜ በቴሌብር ከፈለች፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰው አምጥታልኛለች። ሥዕል የማይገዛ የመሰለኝ የሀገሬ ሰው ጠይቄው የማላውቅ ሰው ነበር።

«ሕዝባችን ለእጅ ሥራ ገንዘብ አያወጣም» ሲሉኝ የመንዝን ባና አስታውሳቸዋለሁ። በበግ ጠጉር ፈትሎ፣ ሸምኖ፣ ለብሶ፣ ለሙሽራ ሰጥቶ የኖረ አገር ለእጅ ሥራ ዋጋ አይሰጥም አይባልም። ለማያውቀው ነገር አይከፍልም ብንል ነው እውነት። እስቲ በየከተማችን ያለውን ባዶ ግድግዳ ቁጠሩት፦ አዲስ የተከፈተው ሆቴል፣ የጥርስ ሐኪሙ መጠበቂያ ክፍል፣ የጠበቃው ቢሮ፣ አዲስ ቤት የገባው ቤተሰብ፣ ለሠርግ ከብርድ ልብስና ከድስት ሌላ የሚሰጠው የጠፋበት ዘመድ። ከቡልጋ ወጥቶ ባሕር ማዶ የሚኖረውንም ጨምሩበት፤ እሱ የሚናፍቀውን ተራራ በየቀኑ የምታዩት እናንተ ናችሁ።

«ዋጋ እንደ ገዢው ነው»

መኪና ይዞ ለመጣ አንድ ዋጋ፣ በእግሩ ለመጣ ሌላ ዋጋ የምንናገር ብዙ ነን። ደብረ ብርሃን ግን ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁለቱ ገዢዎች አንድ ለቅሶ ቤት ይገናኛሉ። በዚያን ቀን የምታጡት ሁለቱንም ነው።

ዋጋ ከወረቀት ይነሣል። ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ተኩ። 60 በ80 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሥዕል ሸራ፣ ቀለምና ፍሬም 4,000 ብር ወጣ እንበል። 40 ሰዓት ሠራችሁ፤ ሰዓቱን በ150 ብር ብታስቡት 6,000 ይሆናል። ከቤት ኪራይ፣ ከመብራትና ከትራንስፖርት ለዚህ ሥዕል የሚደርሰው 2,000 ቢሆን ድምሩ 12,000 ነው። ከዚያ በታች ከሸጣችሁ ለገዢው ገንዘብ እየጨመራችሁለት ነው። ቀለም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነውና ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ በፊት በገዛችሁበት ዋጋ አታስቡ፤ ዛሬ ብትተኩት በሚያወጣው አስቡ።

አሁን አብዛኛው ሰው ወደሚሳሳትበት ስሌት እንምጣ። ጋለሪው 40 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳል እንበል። እናንተ እጃችሁ ላይ 12,000 እንዲገባ ስለምትፈልጉ በላዩ 40 በመቶ ጨምራችሁ 16,800 ብላችሁ ትለጥፋላችሁ። ጋለሪው ግን 40 በመቶውን የሚያሰላው ከ16,800 ነው፤ 6,720 ወስዶ 10,080 ይሰጣችኋል። 1,920 ብር ጠፋ። ትክክለኛው 12,000ን ለ0.6 ማካፈል ነው፦ 20,000። «ይህማ በዛ» ካላችሁ ከጋለሪው ጋር ስለ ኮሚሽኑ ተነጋገሩ እንጂ የሰዓታችሁን ዋጋ አትቁረጡ። ደግሞ ጋለሪው ውስጥ 20,000 የተባለውን ሥዕል ቤታችሁ ለመጣ ሰው በ12,000 አትስጡ። ጋለሪው ሲሰማ ሥራችሁን ያወርደዋል፤ ትክክልም ነው።

መጠናቸው ለሚለያይ ሥዕሎች እኔ የምጠቀመው ወርድና ቁመትን ደምሮ በአንድ ቁጥር ማባዛት ነው። 30 በ40 የሆነው 70፣ 60 በ80 የሆነው 140 ይሆናል፤ ያለ ጋለሪ የምትሸጡ ከሆነ በ90 ብር ብታባዙት 6,300 እና 12,600። በካሬ ብታሰሉት ኖሮ ትልቁ የትንሹን አራት እጥፍ ያወጣና ማንም አይደፍረውም። ዋጋችሁን በዓመት አንድ ጊዜ ከልሱ፤ ከዚያ ውጭ አትነካኩት። ለደንበኛ ማለዘብ ካስፈለገ እንደ ነጋዴዋ በሁለት ጊዜ ይከፈል፤ ወይም ትንሽ ንድፍ መርቁለት።

«በሀገር ልጅ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?»

አምስት ሥዕል ነው ያስተማረኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሥዕል መሸጫ በሚያውቀኝ ሰው በኩል ሥራዬን ጠየቀኝ። በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኜ፣ 130 ኪሎ ሜትር ሙሉ ልቤ ተንጠልጥሎ ወሰድኩለት። ተጨባብጠን ተለያየን። ከስምንት ወር በኋላ ስሄድ ሱቁ ቦታ ቀይሯል፤ ሦስቱን ሥዕሎች አገኘሁ፣ ሁለቱ «ተሸጠው ይሁን ተበላሽተው» የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ሰውየው ሌባ ነው ብዬ አላምንም። የስንት ሠዓሊ ሥራ የሚይዝ ሰው በቃል የተነገረውን ሁሉ ሊያስታውስ አይችልም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ነው።

አንድ ገጽ ይበቃል። የእያንዳንዱ ሥዕል ርእስ፣ መጠንና ፎቶ፤ የመሸጫ ዋጋ፤ ኮሚሽኑ በመቶኛ፤ ከተሸጠ በስንት ቀን ገንዘቡ እንደሚገባላችሁ፤ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል፤ ያልተሸጠው መቼ እንደሚመለስ። በሁለት ቅጂ ተፈራርማችሁ አንዱን ያዙ። ወረቀት ሲቀርብለት የሚቆጣ ባለ ሱቅ አስቀድሞ ማንነቱን ነግሯችኋል።

«ከሸጥኩት በኋላ ምን መብት አለኝ?»

አላችሁ። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሥራው ተሠርቶ ሲገኝ ጀምሮ ይጠብቀዋል፤ ካላስመዘገባችሁት አይባልም። ጥበቃው በሕይወት እስካላችሁና ከዚያ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ሸራውን የገዛ ሰው ሸራውን ገዛ፤ ግድግዳው ላይ ይስቀለው፣ ለልጁ ያውርሰው። ካላንደር አድርጎ ማተም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የማባዛት መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። ሆቴል ሥዕላችሁን ገዝቶ በሜኑው ሽፋን ላይ ቢፈልገው ደስ ይበላችሁ፣ ግን ለብቻው አስከፍሉት።

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ እኔም ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። በትእዛዝ የምትሠሩት ሥራ ላይ፣ በውላችሁ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ሥራውን አባዝቶ ገንዘብ የማግኘት መብቱ፣ ባለቤት ያዘዛችሁ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሆቴል ግድግዳ ወይም የድርጅት አርማ ከመጀመራችሁ በፊት «የማባዛት መብቱ የሠዓሊው ነው» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ አስገቡ።

«ይሰርቁብኛል» ብሎ ሥራን ከቴሌግራምና ከቲክቶክ መደበቅ መፍትሔ አይደለም። ያልታየ ሥዕል አይሰረቅም፣ አይሸጥምም። አነስ ያለ መጠን ያለውን ፎቶ ልቀቁ፣ ትልቁን አስቀሩ። ፎቶውን ስታነሡ ፍላሽ አጥፉ፤ ደመናማ ቀን ወይም የቤት ጥላ ሥር ያለው ብርሃን ቀለሙን ሳያዛባ ያሳያል። ካሜራው ከሥዕሉ መሐል ጋር ትክክል ይሁን፣ አለዚያ ሥዕሉ የተጣመመ በር ይመስላል።

ስለ ተከታይ ብዛት ብዙ አልልም። አሥር ሺህ ሰው ወዶት የማይሸጥ ሥዕል አይቻለሁ። እኔ ገበያዬ ያለው አንድ ደብተር ውስጥ ነው፦ የገዛኝ ሰው ስም፣ የወሰደው ሥዕል፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ ቀኑ፣ «ሌላ ጊዜ የጓሳን ሣር ብትሥልልኝ» ያለኝ ቃል። አዲስ ሥራ ስጨርስ መጀመሪያ የምደውለው ለእነሱ ነው።

«በነፃ ስጠን፣ ማስታወቂያ ይሆንሃል»

ለምትወዱት ሰው፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለትምህርት ቤት በፈቃዳችሁ ስጡ፤ ስጦታ ክቡር ነው። በሥዕላችሁ ቢሮውን የሚያስጌጥ ነጋዴ ግን ለወንበሩም ለምንጣፉም ከፍሏል።

«ወደ ውጭ ሀገር መላክ አይቻልም»

ይቻላል፤ ዝግጅት ይፈልጋል እንጂ። ሥዕል ከሀገር ሲወጣ ቅርስ አለመሆኑ መረጋገጥ ስላለበት፣ ከመላካችሁ በፊት ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ውሰዱ። አዲስ ሥራ መሆኑን የሚያሳይ ፊርማ፣ ዓመትና የሽያጭ ደረሰኝ ካለው ነገሩ ይቀልላል። ሸራውን ከፍሬሙ አውጥታችሁ ስትጠቀልሉ ቀለም ያለበት ገጽ ወደ ውጭ ይሁን። ብዙዎቻችን ለመጠበቅ ብለን ወደ ውስጥ እንጠቀልለዋለን፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ተጨማድዶ ይሰነጠቃል። ጥቅሉ ሰፊ ይሁን፣ ለስላሳ ወረቀት መሐል ይግባ፣ ከዚያ በጠንካራ ቱቦ ውስጥ ይቀመጥ።

የደብረ ብርሃንን ብርድም አትርሱት። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ነው፤ ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነን፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውኃ የሚጋግርበት አገር ነው። ለጥር ሠርግ የታዘዘ የዘይት ሥዕል በኅዳር ጀምሬ እርጥቡን ለማስረከብ ተገድጄ አውቃለሁ፤ የሙሽራዋ እናት ቀሚስ ላይ ሰማያዊ ቀለም ቀረ። አሁን የጥር ትእዛዝ ከመስከረም በኋላ ከመጣ ቶሎ በሚደርቀው የአክሪሊክ ቀለም እንደምሠራው አስቀድሜ እናገራለሁ፤ በዘይት ካልሆነ ላለኝ ሰው ደግሞ የማስረክበው ለፋሲካ ነው።