ዓሣውን መልቀቅ ብቻውን አያድነውም

በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ዘንግ ይዘን ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ስንወርድ፣ ብዙ ጊዜ ልባችን ያለው ሮክፊሽ ላይ ነው፤ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ያሉት፣ ሌላ ቦታ ስትራይፕድ ባስ የሚባለው። በሜሪላንድ በኩል በቅርብ ዓመታት የሚፈቀደው ለአንድ ሰው በቀን 1 ብቻ፣ ያውም ከ19 እስከ 24 ኢንች የሆነው ነው። ስለዚህ አብዛኛው ይለቀቃል። ስለ አለቃቀቁ የሚወራው ሁሉ ግን ልክ አይደለም።

«ዋኝቶ ከሄደ ድኗል»

ብዙው የሚሞተው ከዓይን ከራቀ በኋላ ነው። የአትላንቲክ ጠረፍ ግዛቶች የዓሣ ኮሚሽን ከሚለቀቀው ሮክፊሽ 9 በመቶው ይሞታል ብሎ ያሰላል። ይህ አማካይ ነው፤ በሙቀት ይብሳል፣ በጥንቃቄ ይቀንሳል። እንግዲህ «30 ለቅቄ 1 ብቻ ወሰድኩ» ብሎ የሚኩራራው ሰው፣ በዚህ ስሌት ከለቀቃቸው ወደ 3 የሚጠጉት ሞተውበታል። ለእራት ከወሰደው ይልቅ «ምሮት» የሞተው በለጠ ማለት ነው! ከሁሉም የከፋው ስሕተት ለእኔ ይኸ ነው። የሚበቃህን ካገኘህ ዘንጉን ሰብስብ።

«የዋጠውን መንጠቆ ሳላወጣ አልለቅም»

ደግነት ይመስላል። ጉሮሮው ውስጥ የገባ መንጠቆ ሲጎተት ግን የሚተነፍስበትን ስንጥብና የውስጥ አካሉን ይቀድዳል። ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጦ መልቀቅ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀድሞውኑ እንዳይውጥ ማድረግ ነው፦ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረው ሰርክል ሁክ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የአፉን ጥግ ነው። ሮክፊሽ በትል ወይም በዓሣ ቁራጭ ሲጠመድ ሕጉም ይህን መንጠቆ ያስገድዳል። ዓሣው ሲነካካ ታዲያ ዘንጉን በኃይል አትንጠቅ፤ ዝም ብለህ ጠቅልል።

«በፎጣ ይዤው ፎቶ ብነሳ ምን አለበት?»

ፎጣ ከበሽታ የሚከላከልለትን የሚያሙለጨልጭ ልባስ ይገፍፈዋል። እጅህን አርጥብ፣ ሆዱን ደግፍ፤ ካሜራው ሳይዘጋጅ ከውሃ አታውጣው።

«ሙቀት ለዓሣ ምን ያደርገዋል?»

ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው፤ ታግሎ የደከመ ዓሣ እዚያ ውስጥ በቀላሉ አያገግምም። ለዚህ ነው ሜሪላንድ በሰመር ቀኖቹን በቀለም የምትለየው፦ የአየር ሙቀት ትንበያው 90 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ ቢጫ፣ እስከ ረፋድ ብቻ አጥምዱ፤ 95 ሲደርስ ቀይ፣ ሮክፊሹን ተዉት ትላለች። በቀይ ቀን ሌላ ዓሣ ሞክር።

«እየደማ ነው፣ መሞቱ ካልቀረ ልውሰደው»

ሐሳቡ ይገባኛል፤ እኔም ያንገበግበኛል። ከተፈቀደው መጠን ውጭ ከሆነ ግን እየሞተም ቢሆን ይመለሳል፤ ተቆጣጣሪው የበረዶ ሳጥንህን ሲከፍት የሚለካው ርዝመቱን ነው።