ዲጂታል መንትያ ሥዕል አይደለም

የምሠራው ከቃሊቲ አልፎ ገላን አካባቢ ባለ አንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ነው። የጉድጓድ ውሃ ፓምፖቻችን ላይ መለኪያ ገጥመን «ዲጂታል ትዊን»፣ በእኛ ቋንቋ ዲጂታል መንትያ፣ የሚሉትን፣ ከእውነተኛው ማሽን ጋር በመለኪያ የተገናኘ የኮምፒውተር አምሳያ መሞከር ከጀመርን ወዲህ ከጎረቤት ፋብሪካዎች ሳይቀር ጥያቄ ይመጣልኛል። ጉጉቱ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ቃሉ ይዞት የሚዞረው የተሳሳተ ትርጉም ነው፤ በዚያ ትርጉም ተመርቶ ገንዘቡን ያወጣ ድርጅት ነገ «አይሠራም» ብሎ ይተወዋልና። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«የማሽኑ ስሪዲ ሥዕል ማለት ነው።»

ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። አንድ ሰው ፓምፑን እስከ ቡሎኑ ድረስ አሳምሮ በኮምፒውተር ቢስለው በእጁ ያለው ሥዕል ነው። ስሌት ጨምሮበት «የጉድጓዱ ውሃ አሥር ሜትር ቢወርድ በሰዓት ስንት ሊትር ይወጣል?» ብሎ ቢጠይቀው ደግሞ ሲሙሌሽን ሆነ። መንትያነት የሚጀምረው ከእውነተኛው ፓምፕ ጋር ሲገናኝ ነው፦ የጉድጓዱ የውሃ ከፍታ፣ ሞተሩ የሚስበው አምፔር፣ የሚያልፈው ውሃና ግፊቱ እየተለኩ በራሳቸው ወደ ኮምፒውተሩ ሲገቡ። መረጃው ከማሽኑ ወደ ኮምፒውተሩ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ባለሙያዎች ዲጂታል ጥላ ይሉታል። ከኮምፒውተሩም ትእዛዝ ሲመለስ፣ ለምሳሌ ውሃው ሲያሽቆለቁል የፓምፑን ፍጥነት ራሱ ሲቀንስ፣ ሙሉ መንትያ ይባላል።

ጥቅሙ ያለው ኮምፒውተሩ በሚጠብቀውና እውነተኛው ፓምፕ በሚሰጠው መካከል በሚታየው ክፍተት ላይ ነው። የአምራቹ መግለጫ ፓምፑ በዚህ ጥልቀትና ፍጥነት ይህን ያህል ውሃ ይሰጣል ይላል፤ ቆጣሪው ደግሞ የወጣውን ይናገራል። ክፍተቱ ሳምንት በሳምንት ከሰፋ ብዙ ጊዜ ወይ ኢምፔለሩን፣ ማለትም ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋውን ክፍል፣ አሸዋ እየበላው ነው፣ ወይ ቧንቧው አንድ ቦታ ያፈስሳል። ይህን ለማወቅ ሥዕል አያስፈልግም፤ የቁጥር ሰንጠረዥ ይበቃል። እኛ ዘንድ ያለውም እሱ ነው።

«ገና ትናንት የመጣ ፋሽን ነው።»

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1970 ወደ ጨረቃ ትጓዝ የነበረችው የናሳ መንኮራኩር አፖሎ 13 ከምድር ከ300,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሳለች የኦክስጅን ታንከሯ ፈነዳ። ምድር ላይ የነበሩት ባለሙያዎች ለልምምድ የተሠሩትን ሲሙሌተሮች በወቅቱ መንኮራኩሯ ባለችበት ሁኔታ ልክ አዘጋጅተው፣ የትኛው መሣሪያ በምን ቅደም ተከተል ቢበራ የቀረው ባትሪ እንደሚበቃ ፈተኑ። ከፈታኞቹ አንዱ በጀርመን ኩፍኝ ስጋት ከበረራው የቀረው ኬን ማቲንግሊ ነበር። ሦስቱም ጠፈርተኞች በሕይወት ተመለሱ። ያኔ ዲጂታል መንትያ ብሎ የጠራው የለም፤ ሐሳቡን አሜሪካዊው ተመራማሪ ማይክል ግሪቭስ እ.ኤ.አ. በ2002 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አቀረበው፣ ስሙን ያወጣለት ደግሞ የናሳው ጆን ቪከርስ ነው።

«ለፋብሪካ ብቻ ነው።»

አይደለም። የአውሮፕላን ሞተር አምራቾች በአየር ላይ ያለ ሞተር ከሚልከው መረጃ የጥገና ጊዜውን ይገምታሉ። ሲንጋፖር ከተማዋን በሙሉ በዲጂታል ሠርታለች። ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን ውሃ ነው። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ትጠጣለች። የውሃ መረብ ግፊት የሚያሰላው ኢፓኔት የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ያለና በነጻ የሚገኝ ነው። በአንድ ሰፈር ሊኖር ይገባል ብሎ ያሰላው ግፊትና የተለካው ካልተገናኙ፣ ፍሳሹን የት አካባቢ መፈለግ እንዳለብን ይጠቁማል።

«መብራት በሚጠፋበት፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር አይታሰብም።»

ይህን የሚሉኝ ሰዎች ችግሩን እኔም እንደማውቀው ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው ረጋ ብዬ የምመልሰው። ጥያቄው ማሽኑ በምን ፍጥነት ይለወጣል የሚለው ነው። ኩሽኔታ በአብዛኛው በአንድ ጀምበር አይበላሽም፤ ንዝረቱና ሙቀቱ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ቀድመው ያስጠነቅቃሉ። የጉድጓድ ውሃ ከፍታም በአብዛኛው በሰዓታት ነው የሚለወጠው። የራሷ ባትሪ ያላት ትንሽ መመዝገቢያ መብራት ሲሄድ ትመዘግባለች፣ መስመር ሲመለስ ያጠራቀመችውን ትልካለች። የምትልከው ጥቂት ቁጥር ስለሆነ ተራ ሲም ካርድ ይበቃታል።

«የመካኒኩን እንጀራ ይወስዳል።»

ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መካኒክ አሉን። ካቻቢቴያቸውን ሞተሩ ላይ አስደግፈው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ኩሽኔታ ያዳምጣሉ። መለኪያውን ስንገጥም «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ እኔን ሊተካ ነው?» አሉኝ። ቀልድ አልነበረም፤ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ካላስተማሩት እሱ ምን ያውቃል?» አልኳቸው፣ ከልቤ ነው። የትኛው ንዝረት ጤናማ፣ የትኛው አደገኛ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ያስገባነው እሳቸው እያዳመጡ «ይሄ ደህና ነው፣ ያኛው ግን ጀምሮታል» እያሉ በነገሩን መሠረት ነው። ከወራት በኋላ ስክሪኑ አንዱን ሞተር ኩሽኔታው ሊሄድ ነው አለን። ጋሼ ሄደው አዳመጡና የላላው የመሠረቱ ቡሎን መሆኑን አገኙ። አጥብቀነው ንዝረቱ ወረደ፤ መለዋወጫ ሳንገዛ ቀረን። መለኪያው ሌሊት ሳይቀር ይጠብቃል፣ ምክንያቱን የሚለየው ግን ሰው ነው።

«አንዴ ከተተከለ አለቀ።»

በዚህኛው እኛው ራሳችን ተሳስተናል። የተቃጠለ ፓምፕ አውጥተን አቅሙ አነስ ያለ ሌላ ስናስገባ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የቀድሞው ፓምፕ መግለጫ እንዳለ ቀረ። ሦስት ቀን «ውሃ እየጠፋ ነው» እያለ አስጠነቀቀን። በአራተኛው ቀን ከጉድጓዱ እስከ ታንከሩ ያለውን መስመር ስንቆፍር ዋልን፤ ቧንቧው ጤነኛ ነበር። አሁን የጥገና መዝገባችን ላይ «የተቀየረ ዕቃ» ከሚለው ቀጥሎ «መንትያው ላይ ተስተካክሏል?» የሚል ዓምድ አለ፤ እሱ ሳይሞላ ፎርማኑ አይፈርምም።