ኢንቨርትድ ፉልባክ ምንድን ነው?

ክረምት በመጣ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ሁለት ነገር ይዘንባል። አንዱ ዝናቡ ነው። ሌላው የዝውውር ወሬ ነው።

እኛ የአርሴናል ደጋፊዎች ኳስ የምናየው ፒያሳ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ዲኤስቲቪ ቤቱም አብሮ ፈረሰ። አሁን አራት ኪሎ ነን። ቦታው ተቀየረ እንጂ ክርክሩ ያው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አርሴናል ሪካርዶ ካላፊዮሪን ከቦሎኛ ሲያስፈርም ቤቱ ተቀወጠ።

«አጥቂ የለንም እያልን ሌላ የግራ መስመር ተከላካይ? ዚንቼንኮ አለ። ቶሚያሱ አለ። ኪዊዮር አለ። ቲምበር ከጉዳት እየተመለሰ ነው። ሰውዬው ግራ መስመር ያጠራቅማል እንዴ?»

ይህን ያለው የሚኒባስ ሹፌር ጓደኛችን ነው። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን እኔም ከሱ ጋር ነበርኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ስንጨቃጨቅ የነበረው በስሙ ላይ ነው፤ ሥራውን ማንም አላየውም። የአርሴናሉ አሰልጣኝ አርቴታ የገዛው መስመር ይዞ የሚሮጥ ሰው አልነበረም። ከግራ ተነስቶ መሃል ሜዳ የሚሠራ ሰው ነው የገዛው። ይሄ ነው ኢንቨርትድ ፉልባክ የሚባለው። በአማርኛ «ወደ መሃል የሚገባ የመስመር ተከላካይ» ብንለው ያስኬዳል። ረዘም ይላል፤ ግን ነገሩን ይገልጸዋል።

መጀመሪያ የተለመደውን እንይ። አራት ተከላካይ ያለው ቡድን ሁለቱን መሃል፣ ሁለቱን ዳርና ዳር ያቆማል። የዳሮቹ ሥራ ለብዙ ዘመን የታክሲ ሥራ ነበር። መስመራቸውን ይዘው እስከ ተቃራኒው የማዕዘን ባንዲራ ይወጣሉ፣ ያሻማሉ፣ ይመለሳሉ። ደርሶ መልስ። «ተመላላሽ» የሚለው ቃላችን በደንብ የሚገልጸው እነሱን ነው። ካፉ፣ ሮቤርቶ ካርሎስ፣ አሽሊ ኮል እንዲህ ነበሩ።

አዲሱ ሰውዬ ታፔላው «ግራ መስመር» ይላል። ኳስ ተቃራኒ እጅ ስትሆን በታፔላው ይሠራል፤ ግራውን ይጠብቃል። ኳስ ወደኛ ስትመጣ ግን መስመሩን ይለቅና መሃል ገብቶ ከተከላካይ አማካዩ ጎን ይቆማል።

ሹፌሩ ይህን ስነግረው ሳቀ። «ከታፔላ ውጪ መሥራት'ማ ያስቀጣል» አለ።

አዎ፣ አንዳንዴ ያስቀጣል። እመጣበታለሁ።

ለምን መስመሩን ይለቃል? ይህን ለማስረዳት የቡና ስኒ ደረደርኩ። አስራ አንድ ስኒ ስላልነበረ በውሃ ጠርሙስና በስኳር ማሰሮ ሞላሁት። (የመሃል ተከላካያችን ሳሊባ የስኳር ማሰሮው ነው። ልክ ነበር፤ የማይነቃነቅ ነገር ነው።)

አብዛኛው ቡድን መሃል ሜዳ ላይ ሦስት ሰው ያቆማል። እኛም ሦስት ካለን እኩል ነን። የግራው ሰው ሲገባ አራት ለሦስት ይሆናል። አንድ ሰው ሁልጊዜ ነፃ ነው ማለት ነው። ግብ ጠባቂውና የመሃል ተከላካዮቹ ጫና ሲበዛባቸው ኳሱን ዝም ብለው ከመለጋት ያንን ነፃ ሰው ይፈልጋሉ። ቅርጹም ይቀየራል። ከኋላ ሦስት፣ ከፊታቸው ሁለት፣ ከዚያ ወዲያ አምስት። ወረቀት ላይ 4-3-3 ብለው የጻፉት ቡድን ሜዳ ላይ 3-2-5 ሆኖ ይገኛል።

የተቃራኒውን የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ደግሞ እዩት። መከራው ነው። የኛን ሰው ተከትሎ መሃል ከገባ፣ ዳሩ ይከፈትና ኳስ ከመሃል ተከላካይ በቀጥታ ወደ ግራ ክንፍ ተጫዋቻችን ማርቲኔሊ ትሄዳለች። ማርቲኔሊ ከአንድ ተከላካይ ጋር ይፋጠጣል። ካልተከተለው ደግሞ መሃል ላይ ነፃ ሰው አለን። ቢሄድም ቢቀርም ተበልቷል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ነገሩን የማጥቃት ዘዴ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ኳስ ከጠፋች በኋላ ነው የሚታየው። መልሶ ማጥቃት የሚመጣው በአጭሩ መንገድ ነው። አጭሩ መንገድ ደግሞ መሃሉ ነው። የድሮው ተመላላሽ ኳስ ስትጠፋ ባንዲራው ጋ ሆኖ ያለከልካል። አዲሱ ግን ቀድሞውኑ መሃል መንገዱ ላይ ቆሟል። ኳስ ለመንጠቅ ሁለት እርምጃ ይበቃዋል።

ሐሳቡን በትልቅ ደረጃ ያስለመደው አሰልጣኙ ፔፕ ጓርዲዮላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ባየር ሙኒክ እንደገባ ፊሊፕ ላምንና ዴቪድ አላባን ከዳር ወደ መሃል ያስገባቸው ጀመር። ማንችስተር ሲቲም ይዞት መጣ። በ2017/18 የግራ መስመር ተከላካዩ በጉልበት ጉዳት ሲወጣበት ፋቢያን ዴልፍንና ዚንቼንኮን እዚያ አቆመ። ሁለቱም በሙያቸው አማካዮች ናቸው። ያን ዓመት ሲቲ በ100 ነጥብ ዋንጫ በላ።

ያኔ ከፔፕ ጎን የተቀመጠው ረዳት ማን ነበር? ሚኬል አርቴታ። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ ታኅሣሥ 2019 ድረስ ሁሉን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወደ አርሴናል መጣ። በ2022 ክረምት ዚንቼንኮን በ30 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ማንቼዎች (የዩናይትድ ደጋፊዎች) «የሲቲ ተቀያሪ ገዛችሁ» ብለው ሳቁብን። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በ69 ነጥብ 5ኛ የወጣው ቡድን በ84 ነጥብ 2ኛ ወጣ። 248 ቀን ሰንጠረዡን መርተን ዋንጫውን... ይቅር፤ ቁስሉ አልሻረም።

ወደ ስኒዎቹ ልመለስ። ገለጻው ሞቅ ባለበት ሰዓት አስተናጋጇ መጣች። ባዶ ስኒ መስሏት የግራ መስመር ተከላካያችንን አንስታ ሄደች። ሁላችንም ባዶውን ጠረጴዛ አየነው። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? የዚህ አጨዋወት ዋጋው ያ ባዶ ቦታ ነው።

አንፊልድ፣ ሊቨርፑል ሜዳ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ሚያዝያ 1 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የሆሳዕና እሁድ። ገና ፒያሳ ነበርን። ብዙዎቻችን የዘንባባ ቀለበታችንን እንዳደረግን ነው የገባነው። ጾም ስለሆነ ማኪያቶ የለም፤ ሻይ ብቻ። ማርቲኔሊና ጄሱስ አግብተው 2 ለ 0 መራን። ሻዩ ራሱ ጣፈጠን። ከዚያ ሳላህ ከዕረፍት በፊት አንድ መለሰ። ከዕረፍት በኋላ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። አመለጥን ብለን ነበር። በ87ኛው ደቂቃ ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ ኳሷን በዚንቼንኮ እግሮች መሃል አሾልኮ አሻማ፤ ፊርሚኖ በጭንቅላቱ አገባት። 2 ለ 2።

ያን ማታ ሁሉም የሰደበው ዚንቼንኮን ነው። እኔም ሰድቤዋለሁ። ግን አንድ ነገር አላየንም። የያኔው የሊቨርፑል አሰልጣኝ ዩርገን ክሎፕ አሌክሳንደር አርኖልድን ከቀኝ መስመር ወደ መሃል ማስገባት የጀመረው በዚያው ጨዋታ ነው። ኢንቨርትድ ፉልባክ በኢንቨርትድ ፉልባክ ላይ አሻማበት ማለት ነው። አንዱ ዘዴውን ይዞ ሲመጣ ሌላው ለዘዴው ጉድለት ዋጋ ከፈለ።

ከዚህ በኋላ አርቴታ የገዛቸውን ሰዎች እዩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩሪየን ቲምበር ከአያክስ፣ በ2024 ካላፊዮሪ ከቦሎኛ። ሁለቱም በመጡበት ክለብ የመሃል ተከላካይ ሆነው የሠሩ ናቸው። ዚንቼንኮ አማካይ ነው፤ መከላከል ተምሮ ነው እዚያ የቆመው። እነዚህ ደግሞ ተከላካይ ሆነው አማካይ የሚሆኑ ናቸው። ሥራው ያው ነው፤ ብቻ በሩ ጠንከር ያለ ቁልፍ ተገዛለት። ቲምበር በመጀመሪያው የሊግ ጨዋታው ጉልበቱን ተጎዳና ዓመቱ አለቀበት። ስለዚህ በማግስቱ ክረምት ካላፊዮሪ መጣ። ሹፌሩ «ያጠራቅማል» ያለው ይህንን ነው። በኔ እይታ ማጠራቀም አይደለም። መስከረም 2024 ላይ ካላፊዮሪ ሲቲ ሜዳ ላይ ከሩቅ ያገባት ጎልም አፋችንን አዘግታናለች።

አጥቂ መገዛት ነበረበት ወይ? ነበረበት። እሱን አልከራከርም። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ደግሞ አስቂኙ ነገር፣ በዚያው ዓመት ከራሱ አካዳሚ ማይልስ ሉዊስ ስኬሊ ብቅ አለ። አማካይ ሆኖ ያደገ ልጅ ነው። ግራ መስመር ላይ አቆሙት፣ መሃል ገባ፣ አለቀ። የካቲት 2025 ሲቲን 5 ለ 1 ስናሸንፍ አንዷን አገባና የሲቲውን አጥቂ የሃላንድን የደስታ አገላለጽ ቀድቶ ሜዳው ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀመጠ። ሹፌሩ ቲቪውን እያየ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ለካ በነፃም ይገኝ ነበር!»

ጥግ ላይ የሚቀመጡ አንድ ጋሼ አሉ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ዛሬ አዲስ አበባ ስታዲየም በምንለው ሜዳ ውስጥ የነበሩ ሰው ናቸው። ያኔ ልጅ ነበሩ። ስኒዎቹን ሲያዩ ቆዩና «ይሄ እኮ ደብሊው ኤም ነው» አሉ።

ዝም አልን። ቤት ገብቼ ሳስበው ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1925 የጨዋታ ውጪ ሕግ ሲቀየር የአርሴናሉ ኸርበርት ቻፕማን የታወቀበት አሰላለፍ ነው። ከኋላ ሦስት፣ ከፊታቸው ሁለት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከፊት ሦስት። ቁጭ የዛሬው ቅርጽ! ልዩነቱ ያኔ ተጫዋቹ በቦታው ይውላል። ዛሬ ቅርጹ የሚታየው ኳስ ስንይዝ ብቻ ነው። ኳስ ሲጠፋ ሁሉም ወደ ታፔላው ይመለሳል። አድካሚው መመላለሱ ነው። በዚያ ላይ መቼ መግባት፣ መቼ መቅረት እንዳለበት የማያውቅ ተጫዋች ከሆነ ቡድኑን ገደል ይከተዋል። ፔፕ ስላደረገው ብቻ የሚቀዳ አሰልጣኝ ሲገጥማችሁ ከአንፊልዱ የባሰ ታያላችሁ።

በሚቀጥለው ጨዋታ ራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ፣ ግብ ጠባቂያችሁ ኳስ ሲይዝ ኳሷን ተዉአትና የግራውን ሰው ፈልጉ። ነጩን መስመር ረግጦ ከቆመ ተመላላሽ ነው። ከተከላካይ አማካዩ ጎን ካገኛችሁት አዲሱ ሰውዬ ነው። ቲቪ ላይ ትንሽ ያስቸግራል፤ ካሜራው ኳሷን ስለሚከተል ከዳር የሚነሳው ሰው ከስክሪኑ ውጪ ይቀራል። ከቻላችሁ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፤ የማዕዘን ምት በመጣ ቁጥር የሚነሳው ሰውዬ እንዳይጋርዳችሁ።