የድሮ ሰዓሊ ስራ እየገለበጡ የዘይት ቀለም ፖርትሬት መማር፦ የሚወራውና እውነታው

ደሴም ኮምቦልቻም ስዕል የሚሞክሩ ልጆች አሉ፣ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ብዙዎቹን የሚያስቆማቸው የእጅ ችግር ሳይሆን ከዚም ከዛም የሰሙት ወሬ ነው፣ በጣም ያሳዝነኛል፣ እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

«ኮፒ ማድረግ ስርቆት ነው»

አይደለም። ታዋቂው የፍላንደርስ ሰዓሊ ሩበንስ ስሙ ከገነነ በኋላ፣ እድሜው 50 አልፎ፣ ማድሪድ ሄዶ ከሱ በፊት የነበረውን የጣሊያኑን ሰዓሊ የቲሺያንን ስራዎች ይገለብጥ ነበር። የኛም የቤተክርስቲያን ሰዓሊዎች ቢሆኑ ከመምህራቸው ስር ሆነው የቀደመውን እየገለበጡ ነው የተማሩት። ስርቆት የሚሆነው የራሴ ፈጠራ ነው ብለህ ስትሸጠው ነው፣ ከጀርባው የማን ስራ እንደሆነ ጻፍበት በቃ።

«የፈረንጅ ፖርትሬት የኛን ፊት አያስተምርም»

ይሄን ስሰማ ሁሌ የምለው የስፔኑ ሰዓሊ ቬላስኬዝ የሳለውን «ሁዋን ዴ ፓሬሃ» የሚባል ፖርትሬት እዩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1650 ሮም ውስጥ የተሰራ ነው፣ ፓሬሃ አፍሪካዊ ዘር ያለው ጠይም ሰው ነው፣ ያኔ የቬላስኬዝ ባሪያ ነበር፣ በዛው አመት የነጻነት ወረቀቱ ተፈረመለትና በኋላ ራሱም ሰዓሊ ሆነ። ስዕሉ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው ያለው፣ ሙዚየሙ ጥራት ያለውን ፎቶ በነጻ ለቆታል፣ አውርዳችሁ ግንባሩን ዙም አድርጉት። ጠይም ፊት ማለት ቡናማ ላይ ጥቁር መጨመር አለመሆኑን እዛው ታያላችሁ፣ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ቀላ ብሎ ይሞቃል፣ ወደ ጥላው ሲዞር ደግሞ ቀዝቀዝ ይላል፣ ጥላው ውስጥም ቀለም አለ እንጂ ድፍን ጥቁር አይደለም። ነጩ አንገትጌ ደግሞ ከሩቅ ጥልፍ ይመስላል፣ ቀረብ ሲሉ ግን ልቅ የብሩሽ ምት ነው። እኔ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ነጭ፣ ቢጫ ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ ቀይ፣ አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ) እና ጥቁር ካላችሁ ብዙ ያስኬዳችኋል፣ አብሽሩ።

«የምግብ ዘይትም ያው ዘይት ነው»

በፍጹም! የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተኖ አይደርቅም፣ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው፣ ይሄን የሚያደርገው ደግሞ የተልባ ዘይት ነው፣ ሱቅ ያለው የፓልም ዘይት ስንት ወር ብትጠብቀው እንደተጣበቀ ይቀራል። ብርድ ላይ ደግሞ ሁሉም ይዘገያል፣ ደሴ ክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ኮምቦልቻ ካለው ልጅ እኩል ይደርቅልኛል ብለህ አትጠብቅ፣ አምበር ያለበት ቶሎ ይደርቃል ጥቁሩ ይቆያል። የመጀመሪያውን ንብርብር በአኳራጅ አቅጥነህ ስራ (መስኮት ክፈት፣ ሽታው ራስ ያዞራል)፣ ከላይ የሚመጣው ነው ዘይት የሚበዛበት፣ ቅደም ተከተሉን ካዛባኸው ቀለሙ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

«አቡጀዲ ላይ በቀጥታ ይቀባል»

ዘይቱ ጨርቁን እየበላ ያበሰብሰዋል። መጀመሪያ ወጥረህ ሙጫ፣ ከዛ ፕራይመር (ከስር የሚቀባ መደብ ቀለም)፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርገው።

«ስልክ ላይ የማየው ቀለም ትክክለኛው ነው»

ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን ሴቲንግ አጥፉ፣ ከዛም በላይ ግን ቀለሙን ከጎረቤቱ ጋር አወዳድሩ፣ ይሄኛው ከዛኛው ይጨልማል ወይስ ይፈካል? ስክሪን ሲቀያየር ግንኙነቱ ብዙም አይዛባም።

«በግሪድ መስራት ማጭበርበር ነው»

ግሪድ ማለት ስዕሉ ላይ ካሬ አስምሮ በየካሬው መገልበጥ ነው፣ ቀለም ለመማር ከሆነ ችግር የለውም። ድሮዊንግ (የመስመር ንድፍ) ለመማር ከሆነ ግን በአይንህ ለካ።

«ካልተመሳሰለ ከንቱ ነው»

ሰው ሁሉ የአይኑን ቅንድብ ሲቆጥር ይውልና ዋናው ያመልጠዋል። ጥላና ብርሃኑ በትልልቁ ከተያዘ አይን ሳይሳልም ሰውየው ይታወቃል። ኮፒው እንዳለቀ ወንድማችሁን ወይ እናታችሁን መስኮት ዳር አስቀምጡ፣ ብርሃኑ ከአንድ ጎን ይምጣ፣ በነዛው ቀለሞች ሞክሩት፣ ምን እንደተማራችሁ የሚታወቀው ያኔ ነው።