አውትፕሌይ ምንድን ነው?

አውትፕሌይ የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ብዙዎቻችን «አሸነፈ» ብለን እናልፈዋለን። ትርጉሙ ግን ተጋጣሚን በጨዋታ መብለጥ ነው፤ የስፖርት ጋዜጠኞች «የጨዋታ ብልጫ ወሰደ» የሚሉት ዓይነት። ውጤቱ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ሙኒክ ላይ የተካሄደው የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ይህን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ባየርን ሙኒክ በገዛ ሜዳው ቼልሲን አፍኖ ይዞት አመሸ። የማዕዘን ምቱን ብቻ ብንቆጥር እንኳ ባየርን 20 ሲያገኝ ቼልሲ ያገኘው 1 ነው። የባየርኑ ቶማስ ሙለር በ83ኛው ደቂቃ ሲያስቆጥር ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። የቼልሲው ድሮግባ ግን በዚያችው ብቸኛ የማዕዘን ምት፣ በ88ኛው ደቂቃ፣ በጭንቅላቱ ገጭቶ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት የቼልሲው ግብ ጠባቂ ቼክ የባየርኑን ሮበን ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ፤ ዋንጫውም በመለያ ምት ወደ ለንደን ሄደ። ባየርን ቼልሲን አውትፕሌይ አደረገ ማለት ያስኬዳል፤ አሸነፈ ማለት ግን አይቻልም።

ቁጥርም ቢሆን ሁልጊዜ አይመሰክርም። በ2014 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጀርመን ብራዚልን 7 ለ 1 ስትረታ ብዙ የግብ ሙከራ ያደረገችው ብራዚል ነበረች። ጀርመን ግን በመጀመሪያዎቹ 29 ደቂቃዎች 5 ግብ አግብታ ጨርሳለች። ብልጫው እንዲህ የደረጃ ልዩነት እስኪመስል ሲሰፋ አውትክላስ የሚለው ቃል የተሻለ ይገልጸዋል።

«አውት» ብቻውን ሲቆም ውጭ ማለት ነው። እንዲህ ከግስ ፊት ሲገባ ግን መብለጥን ያመለክታል፦ አውትራን በሩጫ መቅደም፣ አውትሊቭ ከሌላው በዕድሜ መሰንበት፣ አውትነምበር በቁጥር መብለጥ።

ግሱ ሁልጊዜ ተበላጭ ይፈልጋል። አውትፕሌይ የሚደረገው ተጋጣሚው እንጂ ግጥሚያው አይደለም። ተሸናፊ አሰልጣኝ «ዊ ወር አውትፕሌይድ» ሲል «ተበልጠናል» ማለቱ ነው። ዳኛውንም ዕድሉንም ሳይወቅስ የሌላውን ብልጫ ያምናል፤ እኔ ቃሉን የምወደው ለዚህ ታማኝነቱ ነው።

በኮምፒውተር ጨዋታ ዓለም ትርጉሙ ሰፋ ብሏል። እዚያ የሚገልጸው ሙሉ ግጥሚያን ብቻ ሳይሆን አንዲት ቅጽበትንም ነው፦ አንድ ምት ቢያርፍበት የሚሞት ተጫዋች፣ ሙሉ ጉልበት ያለውን ባላጋራ በፍጥነትና በትክክለኛ ግምት ሲጥለው። ተጫዋቾቹ እንደ ስም ሁሉ ይጠቀሙበታል።

በመቶ ሜትር ሩጫ ግን አውትፕሌይ አይባልም፤ እዚያ ያለው አውትራን ነው። አንድ ኩባንያ በትርፍ ሌላውን ሲበልጥም ተገቢው ቃል አውትፐርፎርም ነው።