የአዲስ አበባ የአየር ክልል ደኅንነትና የሲቪል አቪዬሽን ቁጥጥር፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

አዲስ አበባ ላይ የሚያርፍ፣ ከአዲስ አበባ የሚነሳና በከተማዋ አናት የሚያልፍ ሲቪል አውሮፕላን ሁሉ የሚተዳደረው በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሕግና መመሪያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ስም የማያውቅ የለም፤ ባለሥልጣኑን ግን ከዘርፉ ሰዎች ውጪ ለይቶ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ መሥሪያ ቤት ያደርጋቸዋል። አየር መንገዱ ያበራል፤ ባለሥልጣኑ ደግሞ ለአብራሪው፣ ለቴክኒሺያኑ፣ ለአውሮፕላኑና ለድርጅቱ የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል፣ ይመረምራል፣ ጉድለት ሲያገኝ ያግዳል። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎቹም የእሱ ሠራተኞች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የቁጥጥሩን ክብደት ለመረዳት ከመሬቱ መነሳት ይሻላል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ የሚያገኘው ድጋፍም የሞተሩ ጉልበትም ይቀንሳል፤ አውሮፕላን ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ አለዚያ ጭነት ወይም ነዳጅ መቀነስ አለበት። ዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ሎሜ፣ ደብሊን ወይም ሮም ላይ ለምን እንደሚቆሙ ሲጠያየቁ ይሰማል፤ ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ከዚያ ወደዚህ ሲመጡ አውሮፕላኑ ዝቅ ካለ ቦታ ስለሚነሳ ያለ ማቋረጥ ይደርሳል። በዙሪያውም በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር አሉ፤ ሦስቱም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። ክረምት ሲገባ ደመናው ከተራራው ወርዶ ከተማዋ ላይ ይተኛል። ሁለቱ መንደርደሪያዎች ጎን ለጎን ቢሆኑም ተቀራርበው ስለተሠሩ፣ ሁለት አውሮፕላኖችን በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ችለው ማሳረፍ አይቻልም። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ሁሉንም በተራ ያሰልፋል።

የመጀመሪያው አውሮፕላን የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ነው። ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለችውን አውሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ ከከተማው በስተምዕራብ ገፈርሳ ላይ አሳረፋት። ያኔ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ፈቃድ ሰጪውም ከልካዩም ንጉሡ ራሳቸው ነበሩ። ትሪኒዳድ ተወልዶ ሐርለም የኖረው ሁበርት ጁሊያን ከ1923ቱ የዘውድ በዓል ቀደም ብሎ በልምምድ ላይ ሳለ የንጉሡን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ከሰከሰ። ባሕር ዛፍ ላይ ነው የወደቀው ይባላል። ንጉሡም ከአገር እንዲወጣ አዘዙ። በዛሬ አነጋገር የአብራሪነት ፈቃድ መሰረዝ መሆኑ ነው፤ ይግባኝ ግን አልነበረውም።

ተቋማዊው ታሪክ የሚጀምረው ከነፃነት መመለስ በኋላ ነው። ኅዳር 28 ቀን 1937 (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1944) ቺካጎ ላይ የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ሲፈረም በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን በጉባኤው አገራቸውን ወክለዋል። አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ግዛት ሥር በነበረበት ጊዜ ኢትዮጵያ በራሷ ስም ከተቀመጡት ጥቂት የአህጉሩ መንግሥታት አንዷ ነበረች። ስምምነቱን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1947 ነው። ስምምነቱ ሥራ ላይ እንዲውል 26 አገሮች ማጽደቅ ነበረባቸው፤ ያ ቁጥር የሞላው ከአራት ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ኢትዮጵያ ስምምነቱን በሕይወት ካቆሙት አገሮች መካከል ናት። ይህ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ብዙ አይወሳም፤ ሊወሳ ይገባው ነበር። ባለሥልጣኑም የልደት ዘመኑን የሚቆጥረው ከእ.ኤ.አ. 1944 ነው። አየር መንገዱ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ተመሠረተ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ያኔ የከተማዋ ማረፊያ ልደታ ነበር፤ ሠፈሩ ዛሬም «አሮጌ ኤርፖርት» እየተባለ ይጠራል።

ጄት ሲመጣ ልደታ አልበቃም፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ፤ በደርግ ዘመንም መሥሪያ ቤቱ በዚያው ቀጠለ።

ዛሬ ያለው አሠራር በሦስት እርከን የተከፈለ ነው። ታወሩ ከመስታወቱ በስተጀርባ ሆኖ መንደርደሪያውንና አካባቢውን በዓይኑ ያያል፤ የአቀራረብ ተቆጣጣሪው የሚመጣውንና የሚሄደውን በራዳር ያስተካክላል፤ የክልል መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ደግሞ የአዲስ አበባ የበረራ መረጃ ክልል የሚባለውን ሰፊ አየር ይዞ ከካርቱም፣ ከናይሮቢ፣ ከሞቃዲሾና ከሌሎች ጎረቤት ማዕከላት ጋር ይረካከባል። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ አብራሪው የታዘዘውን መልሶ ይደግማል፤ ያልደገመ እንዳልሰማ ይቆጠራል። የመንደርደሪያዎቹ መጠሪያ «ሰባት» እና «ሃያ አምስት» የተባለው የኮምፓስ አቅጣጫቸው ወደ 70 እና 250 ዲግሪ ስለሆነ ነው፤ ጥንዶቹን ለመለየት ግራና ቀኝ ይጨመርበታል።

ከመሣሪያ ቁጥጥር ጋር በተያያዘ በዝርዝር የተመዘገበው አጋጣሚ መጋቢት 22 ቀን 1995 (እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2003) የደረሰው ነው። ንብረትነቱ የብሪታንያ ኩባንያ የሆነ ኤርባስ ኤ320 ሌሊት፣ ደመና ውስጥ ሆኖ ወደ ቦሌ እየቀረበ ነበር። አብራሪዎቹ የሚመሩት በምድር ላይ በተተከለው ቪኦአር በተባለ የሬዲዮ አቅጣጫ ጠቋሚ ነው። ጠቋሚው የሚያሳያቸው ትክክለኛውን መስመር እንደያዙ ነበር፤ አውሮፕላኑ ግን ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ጋራው እየሄደ ነበር። በሁለተኛው ሙከራ ከማረፊያው በስተሰሜን ምሥራቅ 5 የባሕር ማይል ላይ አንድ ሸንተረር በ56 ጫማ ብቻ አለፈ። 17 ሜትር ማለት ነው፣ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቁመት። የከፍታ መለኪያውና የመሬት ማስጠንቀቂያው ሲጮሁ አብራሪዎቹ አፍንጫውን አንሥተው ወጡ፤ ሰው አልተጎዳም። የብሪታንያ መርማሪዎች ያገኙት ምክንያት ተራ ነገር ነው፦ በጠቋሚው አንቴና ውስጥ ውኃ ገብቶ ነበር። የመሣሪያው የራሱ ተቆጣጣሪ ሥርዓትም ስሕተቱን አላወቀውም። ባለሥልጣኑ በየጊዜው አውሮፕላን አስነሥቶ ምልክቶቹን ከሰማይ የሚያስፈትሽበት የካሊብሬሽን በረራ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። ከዚያ ወዲህ በሳተላይት የሚመሩ አቀራረቦች እየተስፋፉ በመምጣታቸው በአንድ አንቴና ላይ መንጠልጠል ቀርቷል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 የደረሰው የበረራ ቁጥር 302 አደጋ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይከብዳል። ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላኑ 157 ሰዎች ይዞ ወደ ናይሮቢ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ተነሣ። የራዳር ተቆጣጣሪው አውሮፕላኑን ለይቶ ወደ 34,000 ጫማ እንዲወጣና ሲችል ወደ ቀኝ ታጥፎ «ሩዶል» ወደተባለው የበረራ ነጥብ እንዲያቀና አዘዘ። ብዙም ሳይቆይ ከአውሮፕላኑ የመቆጣጠር ችግር እንዳለ ተነገረ፤ ለመመለስ ተጠየቀ፤ ተቆጣጣሪው ፈቀደ። ከተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ፤ የተረፈ የለም። አየር መንገዱ የቀሩትን ማክስ አውሮፕላኖች ከበረራ ማውጣቱን ሲያስታውቅ አንድ ቀን አልፈጀበትም፤ አሜሪካ ያገደችው በአራተኛው ቀን፣ ከአብዛኛው ዓለም በኋላ ነው።

ምርመራውን የያዘው ባለሥልጣኑ ሳይሆን በትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥር ያለው የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ ነው። ፈቃድ ሰጪው ራሱ መርማሪ እንዳይሆን ታስቦ የተደረገ ነው። የበረራ መቅረጫዎቹ ፓሪስ ውስጥ በፈረንሳይ መርማሪዎች ቤተ ሙከራ ተነበቡ። ታኅሣሥ 2015 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ግልጽ ነው፦ አውሮፕላኑ ከሚመጣበት አየር ጋር የሚፈጥረውን ማዕዘን የሚለካው የግራው ጠቋሚ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ፤ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በዚያ ቁጥር ተመርቶ ደጋግሞ አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ። ሪፖርቱ የጠቋሚውን ብልሽት የኤሌክትሪክ ችግር ነው ይላል። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በኤምካስ ጥፋት ቢስማማም ጠቋሚውን የጎዳው ምናልባት ወፍ ነው፣ የአብራሪዎቹ አያያዝም በበቂ አልታየም ብሎ ለብቻው አስተያየት አወጣ፤ የፈረንሳዩም ቢሮ ተመሳሳይ ቅሬታ ነበረው። ክርክሩ ቴክኒካዊ ነው፤ ይሁንና አምራቹ ስለ ሥርዓቱ ለአብራሪዎች አስቀድሞ በቅጡ ያልነገረ መሆኑ ከሁለት አደጋና (ሌላው ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የደረሰው ነው) ከ346 ሰው ሕይወት በኋላ አከራካሪ ሊሆን አይገባም። አየር መንገዱ ማክስን እንደገና ያበረረው ጥር 24 ቀን 2014 ነው።

በነሐሴ 2010 መጨረሻ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ከደመወዝና ከጥቅማ ጥቅም ጋር በተያያዘ ሥራ አቁመው ነበር። ባለሥልጣኑ በኃላፊዎችና በጡረታ በወጡ ባለሙያዎች ተክቶ በረራው ሳይስተጓጎል መቀጠሉን ገለጸ፤ የኬንያ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር በበኩሉ የአዲስ አበባ አየር ደኅንነት ያሳስበናል ሲል መግለጫ አወጣ። ባለሥልጣኑ አስተባበለ። ከአድማው ጋር በተያያዘ የታሰሩ ተቆጣጣሪዎች እንደነበሩም በወቅቱ ተዘግቧል። ሁኔታው በጊዜው ረገበ፤ ዝርዝሩ በየወገኑ በየፈርጁ ስለሚነገር እዚህ ላይ ማብቃቱ ይሻላል።

ከተማው ራሱ ሌላው የቁጥጥር ሥራ ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት በትልልቅ መንደርደሪያዎች ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ከማረፊያው ከፍታ 45 ሜትር በላይ የሚወጣ ነገር እንቅፋት ሊሆን ይችላል ተብሎ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ገደቡ እየራቀ ሲሄድ ከፍ ይላል። 45 ሜትር ወደ 13 ፎቅ ግድም ነው። ስለዚህ ቦሌ፣ ገርጂ ወይም ሃያ ሁለት አካባቢ ፎቅ የሚሠራ ሰው ከከተማው የግንባታ ፈቃድ በተጨማሪ የሲቪል አቪዬሽንን የቁመት ይሁንታ ማግኘት አለበት። ክሬን ሲቆምም እንዲሁ። ሌሊት በሕንፃዎች ጫፍ የሚታየው ቀይ መብራት ለጌጥ አይደለም።

ወፍም ሌላ ጣጣ ነው። መስከረም 1981 ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 ሁለት ሞተሩ ርግቦች ስበው ወድቆ 35 ሰዎች ሞተዋል፤ አገሪቱ ይህን አትረሳውም። ዓለም አቀፉ ምክር የቆሻሻ መጣያ ከአውሮፕላን ማረፊያ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይራቅ የሚል ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ያለ፣ ጭላትና ጥንብ አንሳ በየሠፈሩ የሚያንዣብብበት ከተማ ውስጥ ይህን ማስከበር የአቪዬሽን ሰዎች ብቻቸውን የሚወጡት ሥራ አይደለም። ድሮን ደግሞ ከወፍ ይልቅ በሕግ ይያዛል፦ ወደ አገር ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ከውጭ ለሠርግ ወይም ለጉብኝት ሲመጡ ድሮን በሻንጣ ይዘው ቦሌ ጉምሩክ ላይ የሚቀርባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

በመዋቅር ረገድ የሚነሣው ዋና ጥያቄ ባለሥልጣኑ ዳኛም ተጫዋችም መሆኑ ነው። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 616 የቁጥጥር ሥልጣኑን አጽንቶለታል፤ ነገር ግን የአየር ትራፊክ አገልግሎቱን የሚሰጠውም እሱ፣ አገልግሎቱ ደረጃውን መጠበቁን የሚያየውም እሱ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሁለቱ ቢያንስ በሥራ ክፍል እንዲለያዩ ይመክራል። የአውሮፕላን ማረፊያዎች ድርጅት ቀድሞ ተለይቶ ወጥቶ በ2009 መጨረሻ ከአየር መንገዱ ግሩፕ ጋር ተዋህዷል፤ ስለዚህ ዛሬ ባለሥልጣኑ የሚቆጣጠረው የቦሌ አስተዳዳሪና የቦሌ ትልቁ ደንበኛ አንድ ድርጅት ነው። ይህ በተግባር ጣልቃ ገብነትን ያመጣል የሚሉ አሉ፤ በሌላ በኩል የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አገሪቱን በአንደኛ ምድብ መያዙ ቁጥጥሩ የዓለም አቀፉን ድርጅት ዝቅተኛ መስፈርት እንደሚያሟላ ያሳያል።

ጥር 2010 የአፍሪካ አንድ የአየር ትራንስፖርት ገበያ አዲስ አበባ ላይ ይፋ ሲሆን ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ 23 አገሮች አንዷ ነበረች፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወደ አስመራ የሚወስደው የበረራ መስመር ከሃያ ዓመት በኋላ ተከፈተ። መስከረም 2013 ባለሥልጣኑ በሕዳሴ ግድብ ላይ የሚደረግ በረራን ከለከለ።

ቀጣዩ ትልቅ ሥራ ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ቦታው ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል አውሮፕላኖች ተጨማሪ ነዳጅና ጭነት ይዘው መነሳት ይችላሉ። ሆኖም ቢሾፍቱ የአየር ኃይሉ ዋና ሠፈር ነው፤ የሐረር ሜዳ ጦር ማረፊያም እዚያው ነው። የቦሌን፣ የአዲሱን ማረፊያና የወታደራዊውን በረራ መግቢያና መውጫ እንደገና መሸንሸን፣ ተቆጣጣሪም በብዛት ማሠልጠን የግድ ይሆናል፤ አንድ ተቆጣጣሪ ብቻውን እንዲሠራ ለመብቃት ደግሞ ከትምህርት ክፍል በኋላ በሥራ ላይ ረጅም ልምምድና የፈቃድ ፈተና ይጠብቀዋል።