የልጅ ባሕርይና የቤተሰብ «መጣጣም» ምንድን ነው?

ከአንድ እናትና አባት ተወልደው አንዱ ሕፃን ላየው ሁሉ እጁን ሲዘረጋ፣ ሌላው እናቱ አንገት ሥር ይሸጎጣል። ይህ ልዩነት ገና ከጨቅላነት የሚታይ ተፈጥሯዊ ባሕርይ ነው። «መጣጣም» የሚባለው ደግሞ ባሕርዩ ወላጅ ከልጁ ከሚጠብቀው ነገርና ከአያያዙ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ነው።

ሐሳቡን ያስተዋወቁት አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ናቸው። በ1956 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ሕፃናትን ለዓመታት መከታተል ጀመሩ። 40 በመቶ ያህሉን ቀላል፣ 10 በመቶውን አስቸጋሪ፣ 15 በመቶውን ቀስ ብለው የሚላመዱ አሏቸው። 35 በመቶው ከየትኛውም ምድብ አልገባም፤ ልጁን «አስቸጋሪ» ብሎ ለመፈረጅ የሚቸኩል ወላጅ ይህችን ቁጥር ባይረሳ ጥሩ ነው።

አለመጣጣም እንዲህ ይከርራል፦ ቶሎ የሚቆጣ ልጅ ጨዋታ አቁም ሲባል ይጮኻል። አባት ይቆጣል፣ ልጁ ይብስበታል፣ በመጨረሻ አባት ታክቶት «እሺ፣ ተጫወት!» ይላል። ጩኸቱ ወዲያው ይቆማል። ልጁ መጮኽ እንደሚያዋጣ፣ አባትም እጅ መስጠት ጸጥታ እንደሚያመጣ ተማሩ ማለት ነው፤ በማግስቱ ጩኸቱ ቶሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ጠቡ ወደ ባልና ሚስት ይዞራል፦ «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው»፣ «አንተ ነህ ያስደነበርከው»።

ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ጨዋታው ከመቆሙ በፊት መንገር ይረዳል። ለሦስት ዓመት ልጅ «አምስት ደቂቃ ቀርቶሃል» ብዙም ትርጉም የለውም፤ «ሁለቴ ተንሸራተትና እንሄዳለን» ግን ይገባዋል። ሁለቱ ካለቁ በኋላ ሦስተኛ ከተጨመረለት ነገ ልጁ አይሰማም። ቢያለቅስም ድምፅ ሳያነሱ ይዞት መሄድ ነው።

ቀስ ብሎ የሚላመደውን ልጅ ቦታው በሰው ሳይሞላ ቀድሞ ማድረስ፣ «ሂድ ሳማቸው» ሳይሉ ከጎን ሆኖ እንዲያይ መተው ይበጃል። ያፍራል ብሎ የትም አለመውሰድ ግን ፍርሃቱን ያጠነክረዋል።

አስቸጋሪ ወንድም ያለበት ቤት ውስጥ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ቀላሉ ልጅ ነው። አይጠይቅም፣ ስለዚህ አይሰጠውም። ሳይጠይቅ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ለብቻው፣ እሱ በመረጠው ጨዋታ አብሮት መሆን ያስፈልጋል።